ማክሰኞ ቲኬት አይቼ ሐሙስ ልበር ነው፤ ጤነኛ ነኝ?

ሰብለ_ሲልቨር · ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ሕፃናት መዋያ ነው። ዛሬ ልጆቹ የቀን እንቅልፋቸውን ሲተኙ ስልኬን ስጎረጉር ከደለስ (የዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ) ሊዝበን፣ ፖርቱጋል፣ ደርሶ መልስ 430 ዶላር የሚል አየሁ። ሐሙስ ማታ ተነስቶ አርብ ጠዋት ያስገባል። ሰኞ ይመልሳል። ሰኞ የፕሬዚዳንቶች ቀን ስለሆነ ዝግ ነን። አርብን ብቻ አለቃዬን አስፈቀድኩ። እምቢ ትለኛለች ብዬ ነበር። "ሂጂ፣ ምን አስጨነቀሽ" አለችኝ። የደነገጥኩት ያኔ ነው።

አሜሪካ ከገባሁ 14 ዓመቴ። በዚህ ሁሉ ዓመት አውሮፕላን የተሳፈርኩት ወደ አዲስ አበባ ብቻ ነው፤ አምስት ጊዜ። አምስቱንም ሁለት ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ እየጎተትኩ። ግማሹ የሰው ዕቃ። ማንም የማይጠብቀኝ ከተማ ገብቼ አላውቅም።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ ለሦስት ሌሊት እንዲህ ብድግ ብሎ መሄድ የጤና ነው? ሁለተኛ፣ በረራ አይስማማኝም። ባለፈው ከአዲስ ስመለስ እግሬ አብጦ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው ኢሚግሬሽን የተሰለፍኩት። ሳላጋንን ነው። ወገቤም ሳምንት ሙሉ አልተቃናም።

ቲኬቱ እስከ ነገ ይቆይ አይቆይ አላውቅም። ፍጠኑልኝ።

ጋሽ_ሞላ · ማክሰኞ ማታ

ልጄ፣ እኔ ደለስ ላይ ታክሲ ስሠራ 22 ዓመቴ ነው። ሰው ሲሄድም ሲመጣም አያለሁ። ሊዝበን ማን አለሽ? ማንም ከሌለሽ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ? በ430 ዶላር እናትሽ ቤት ስንት ነገር ይሆናል።

ግን ገንዘቡ ያንቺ ነው። ለማንኛውም ግዢና እደሪበት። በ24 ሰዓት ውስጥ መሰረዝ መብትሽ ነው።

የፍራንክፈርቷ · ማክሰኞ ማታ

ጋሽ ሞላ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ላርምዎት። ያ የ24 ሰዓት ሕግ የሚሠራው በረራው 7 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀረው ለተገዛ ቲኬት ነው። የሰብለ ሁለት ቀን ነው የቀረው። ከገዛች ገዛች ነው። ሰብልዬ፣ ማደሩን አሁን እደሪበት።

"ማን አለሽ" ላሉት ደግሞ፣ እኔ ማንም የሌለኝ ከተማ የምሄደው ማንም ስለሌለኝ ነው። ዘመድ ካለማ ዕረፍት መሆኑ ቀረ፤ ቤት ለቤት መዞር ነው። ቡናው ብቻውን ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

እንዲህ ስሄድ ዘጠነኛ ከተማዬ ላይ ደርሻለሁ። ከተማ አልመርጥም። ቲኬቱ ነው የሚመርጥልኝ። የኔ ሥራ ሦስት ነገር ማየት ብቻ ነው። ከአየር ማረፊያው መሃል ከተማ በባቡር ስንት ደቂቃ ነው? ማደሪያዬ ከባቡሩ በእግር ይደረሳል? የምደርሰው በጨለማ ነው? ሦስቱም ደህና ከሆኑ ሌላው መንገድ ላይ ይገኛል። ቪየና ስሄድ ምን እንደማይ አውሮፕላን ውስጥ ነው ያነበብኩት። እዚያ ከአየር ማረፊያው "ሲቲ ኤርፖርት ትሬይን" የሚሉት ውድ ባቡር አለ። ተራው ኤስ 7 ከሱ የሚዘገየው አሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ዋጋው ግን አይገናኝም። ፈረንጅ ለአሥር ደቂቃ ሲከፍል ደስ ይለዋል።

ሊዝበን ሦስቱንም ያልፋል። ሜትሮው አየር ማረፊያው በር ላይ ነው፤ ቀዩ መስመር። አርብ ጠዋት መድረስሽ ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው።

አሁን ዋናውን ንገሪኝ። የአሜሪካ ፓስፖርትሽ መቼ ነው የሚያበቃው?

ሰብለ_ሲልቨር · ማክሰኞ ማታ

ወይኔ! ቆይ ላምጣው።

ጁን 28። የዘንድሮው።

ናቲ_ቶሮንቶ · ማክሰኞ ማታ

አለቀልሽ። ስድስት ወር ያስፈልጋል። እህቴን ከበር ነው የመለሷት።

የፍራንክፈርቷ · ማክሰኞ ማታ

ናቲ፣ ልጅቷን አታስደንግጣት። ስድስት ወር የሚጠይቁ አገሮች አሉ፤ እህትህ ከነሱ ወደ አንዱ እየሄደች ይሆናል። ሸንገን (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያነሱት የአውሮፓ አገሮች) የሚጠይቀው ከምትወጪበት ቀን በኋላ 3 ወር ነው። ፓስፖርቱ ከወጣ ደግሞ 10 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። ሰብለ የምትወጣው ፌብሩዋሪ 16 ነው። እስከ ሜይ 16 ይበቃታል። ከአርባ ቀን በላይ ተርፏታል።

ለሌሎቻችሁም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሁሌ ይጠየቃል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ይበቃል። በር ወጥቶ ቢራ ለመጠጣት አይበቃም። እሱን የሚፈቅደው ፓስፖርቱ ወይ ቪዛው ነው። እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ነው ያለኝ። ሮም፣ አቴንስ፣ ሊዝበን እንደፈለግኩ እገባለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ቡካሬስትና ሶፊያም በየብስ ጭምር ተከፍተዋል። ደብሊንና ሎንዶን ግን ቪዛ ይጠይቁኛል፤ አየርላንድም እንግሊዝም ሸንገን ውስጥ የሉም።

ሀና_ስድስት_ኪሎ · ረቡዕ ጠዋት (የአዲስ አበባ)

እናንተ "ድንገት" ስትሉ እኔም ልሳቅ እንጂ።

እዚህ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የቪዛ ውሳኔውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመው። ተመላልሶ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም አቆመ። ማመልከቻው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ እንጠየቃለን። እኔ ለአምስት ቀን ስልጠና ተጠርቼ የባንክ ወረቀት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ ኢንሹራንስ፣ የሆቴል ቦታ ማስያዣ፣ የእናቴ ዕድር ደብተር ብቻ ሲቀር ሁሉን አስገብቼ ቪዛው የወጣው ስልጠናው ባለቀ በሦስተኛው ቀን ነው። የየት አገር እንደሆነ አልናገርም፤ ገና ላመለክት እችላለሁ።

ሰብለ፣ እንደኔ ሆነሽ ሂጂልኝ። እዚያ ሆነሽ ደግሞ "ለምን መጣሁ" እንዳትዪ።

ሰብለ_ሲልቨር · ረቡዕ

ሀናዬ፣ አንጀቴን በላሽው። ቲኬቱ አሁንም አለ። 447 ሆኗል። እጄ ስልኩ ላይ ነው።

ቢኒ_ሎንደን · ረቡዕ

ልጅቷ ከመግዛቷ በፊት የኔን ጉድ ትስማ።

አንድ አርብ ከሥራ ስወጣ "ፓሪስ 19 ፓውንድ" አየሁ። አንድ ቦርሳ ይዤ ሄድኩ። ጌቱ ላይ ቦርሳዬን እዚያች የብረት ሳጥን ውስጥ እንድከት ጠየቁኝ። በሁለት ጣት አልገባ አለ። ጃኬቴን አውጥቼ ለበስኩ፣ ሹራቤን ላዩ ላይ ደረብኩ፣ አሁንም እምቢ። ከቲኬቱ ሦስት እጥፍ ከፈልኩ። ይኼ ይሁን። ደረስን። ስወርድ ፓሪስ የለችም። በቆሎ እርሻ ነው። ከተማው በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይርቃል፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ደግሞ የዘገየነውን እኛን አልጠበቀም። ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ታክሲ ተከፋፍዬ ሌሊት ሰባት ሰዓት ሆቴል ገባሁ። የኩባንያውን ስም አልጠራም። የሚያውቀው ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ተምሬያለሁ። የአየር ማረፊያውን ስም ካርታ ላይ አያለሁ። ቦርሳዬን ደግሞ ቤት በሜትር እለካለሁ፤ 40 በ30 በ20 ከሆነ በአብዛኛው የትም ያልፋል። ጎማውና እጀታው ይቆጠራል!

ሌላ ደግሞ፣ ከአውሮፓ የሚነሳ በረራ በኩባንያው ጥፋት ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ካደረሳችሁ እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሣ አለ። የመሳፈሪያ ወረቀታችሁን አትጣሉ።

የፍራንክፈርቷ · ረቡዕ

ቢኒ 😂 እኛም ጋ "ፍራንክፈርት ሃን" የሚባል አለ። ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ብለው ሻሸመኔ መንገድ ላይ መቂ አጠገብ እንደ ማውረድ በሉት።

ዳዊት_ኔታንያ · ረቡዕ

እኛ እዚህ በእስራኤል ፓስፖርት ያለ ቪዛ ነው የምንገባው። አቴንስ ሁለት ሰዓት ናት። ችግሩ ሰንበት ነው፤ አርብ ማታ መንገድ ላይ መሆን እናቴ አትወድም። ስለዚህ እሁድ ፈቃድ ወስጄ ቅዳሜ ማታ ወጥቼ ሰኞ እመለሳለሁ። አንድ ሙሉ ቀን፣ ሁለት ሌሊት። ለሰብለ ሦስት ሌሊት ቅንጦት ነው፤ ትሂድ።

አስቴር_ነርስ_ሚኒያፖሊስ · ረቡዕ

ቲኬቱን ለእናንተ ተውኩት። እኔ ስለ እግሩ ልናገር።

ሰብለ፣ ሁለቱም እግር እኩል ማበጡ፣ ሳያምምና በማግሥቱ የሚወርድ ከሆነ፣ ከመቀመጥ ነው። ደሙና ውሃው ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ላይ የሚገፋው የባትሽ ጡንቻ ነው፤ አንቺ ካልተንቀሳቀስሽ እሱም አይሠራም። የሚያስፈራው ሌላው ነው። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ካመመ፣ ከጋለ፣ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ቤት። ከ4 ሰዓት በላይ የሚቆይ ጉዞ ሁሉ ይህን ዕድል ከፍ ያደርገዋል። ነፍሰ ጡር፣ በቅርብ የወለደች፣ ቀዶ ጥገና የተደረገለት፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስድ፣ ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው ከመብረሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ለአንቺ የምልሽ ይኼን ነው። ኮሪደር ዳር ተቀመጪ። እስከ ጉልበት የሚደርሰውን አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ ፋርማሲ ግዢ፤ ጠዋት እግርሽ ሳያብጥ ነው የሚለበሰው እንጂ አውሮፕላን ውስጥ እየታገሉ አይደለም። ቦርሳሽን ከፊትሽ ካለው ወንበር ሥር አታስገቢው፤ ያ ቦታ የእግርሽ ነው። እግርሽን አታነባብሪ። በየሰዓቱ ሽንት ቤት ድረስ ሂጂና ተመለሺ። ተቀምጠሽም ተረከዝሽን መሬት አድርገሽ ጣትሽን ወደ ላይ፣ ከዚያ ጣትሽን መሬት አድርገሽ ተረከዝሽን ወደ ላይ፤ የልብስ ስፌት ፔዳል እንደምትረግጪ። የእንቅልፍ ክኒን ይቅርብሽ፤ እንደ ሬሳ ስምንት ሰዓት ሳትገላበጪ መተኛት ነው ጣጣው።

ውሃ ደግሞ ጠጪ። ይኼን የምለው ስለ እናቴ ነው። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ስትመጣ መስኮት ዳር አስቀመጧት። አጠገቧ አንድ ወፍራም ሰውዬ ተኝቷል። "ሰው ከእንቅልፉ እንዴት ይቀሰቀሳል" ብላ አንዴም ሳትነሳ መጣች። ላለመነሳት ደግሞ ውሃ አልጠጣችም። ጉሮሮዋ ደርቆ፣ እግሯ እንደ ትራስ ሆኖ፣ በዊልቸር ተቀበልኳት። ሰውየው መንቃቱን ጠየቅኳት። "አዎ፣ ሁለቴ ነቅቶ ሽንት ቤት ሄዷል፤ ግን እሱ ሲነሳ አብሬ ብነሳ ምን ይለኛል" አለችኝ። እናቶቻችሁን ኮሪደር ዳር አስይዙላቸው። እባካችሁ።

ያሬድ_ቴክኒሻን · ረቡዕ

አውሮፕላን ጥገና ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። በአስቴር ላይ ትንሽ ልጨምር።

አውሮፕላኑ 11 ሺህ ሜትር ላይ ይብረር እንጂ ውስጡ ያለው አየር የሚታመቀው ለሰው እንዲበቃ ነው። እንደ ደንቡ ከ2,400 ሜትር ከፍታ አየር በላይ አይሳሳም። ቦሌ አየር ማረፊያ 2,334 ሜትር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ፈረንጁ "ራሴን አመመኝ፣ ደከመኝ" የሚልበት አየር አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ቀን ተሌት የሚኖርበት ነው። 787 እና ኤ350 የሚባሉት አዳዲስ አውሮፕላኖች ደግሞ አካላቸው ከካርቦን ፋይበር ስለሆነ ግፊቱን ይችላሉ፤ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይያዛል። ባሕር ዳር ጣና ዳር እንደ መቀመጥ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 787 ሲያመጣ በዕድሜ የገፉት መንገደኞች ናቸው መጀመሪያ ልዩነቱን የነገሩን።

ችግሩ ድርቀቱ ነው። እርጥበቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ከንፈር የሚደርቀው ለዚያ ነው። ጆሮ የሚደፍነው ደግሞ በአብዛኛው ሲወርድ ነው። ማስቲካ፣ ምራቅ መዋጥ፤ ሕፃን ከሆነ ጡጦ ወይ ጡት። መውረድ ሲጀምር ተኝታችሁ አትገኙ።

ብዙ ሰው "ከአሜሪካ ወደ አዲስ ስንሄድ ቀጥታ ነው፣ ስንመለስ ለምን ነዳጅ ይቀዳል" ይላል። ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ክንፉንም ሞተሩንም ያደክማል። ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ሻንጣ (ያውም የኛ ሻንጣ) እና ሙሉ ነዳጅ ይዞ አይነሳም። ሲመለስ ደግሞ ነፋሱ ከፊት ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ያርፋል፤ ለብዙ ጊዜ ደብሊን ነበር። ያ ሰዓት አስቴር ያለችውን ለመሥራት ነው። ቁሙ፣ ተንጠራሩ።

የአትላንታዋ_ወይዘሮ · ረቡዕ

ይኼ ሁሉ ሳይንስ ጥሩ ነው። ነጠላ ይዛለች ወይ?

ነጠላ የሌለው ሰው አውሮፕላን አይግባ። ሲበርድሽ ትለብሺዋለሽ። ስትተኚ ፊትሽን ትሸፍኚበታለሽ። ጠቅልለሽ ወገብሽ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ካደረግሽው ወገብሽን ይደግፈዋል፤ እኔ የዲስክ በሽተኛ ነኝ፣ በሱ ነው የምሄደው። ጋቢ ግን ቦርሳ ይሞላል። ቀበቶሽን ከነጠላው ላይ እሰሪ፤ ሲናወጥ አስተናጋጇ ቀበቶ ለማየት እንዳትቀሰቅስሽ።

ዳቦ ቆሎ ያዢ። የአውሮፕላን ምግብ ሳይመጣ ይቆያል፣ ሲመጣም ጣዕም የለውም።

አንድ ያላሰባችሁት ነገር አለ። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል! የመመለሻ በረራዋ የጾም ነው። "ቪጋን" የሚለውን ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ማዘዝ አለባት። አለበለዚያ "ዶሮ ወይስ ፓስታ" ሲሏት ፓስታው አይብ ነው።

ጋሽ_ሞላ · ረቡዕ ማታ

መንገደኛ ይጾማል እንዴ? እንዲያው ለማወቅ ነው።

የአትላንታዋ_ወይዘሮ · ረቡዕ ማታ

ጋሼ፣ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። እኔ የማውቀው ለሽርሽር የሄደ መንገደኛ አይባልም 😄

ሰብለ_ሲልቨር · ረቡዕ ማታ

ገዛሁ!!!!

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። 447 ከፈልኩ። ሻንጣ የለውም፤ ትንሽ የእጅ ቦርሳ ብቻ። ካልሲውን ከፋርማሲ ገዛሁ። ለመልስ ቪጋን አዘዝኩ። ማደሪያ ሮሲዮ የሚባል አካባቢ ያዝኩ። አሁን ቦርሳዬን ሳየው የሆነ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል። ለሰው የምወስደው ዕቃ የለም። ማንም "ይቺን ብቻ፣ ትንሽዬ ናት" አላለኝም።

ሊዝበንን የሚያውቅ አለ?

ወንድወሰን_ማስተርስ · ረቡዕ ሌሊት

ሁለት ዓመት ተምሬባታለሁ። በነፃ እመክራለሁ።

ጫማ። የእግረኛ መንገዱ በሙሉ ትንንሽ ነጭ ድንጋይ ነው። ዘመናት ስለተረገጠ ተወልውሏል። ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ ይዘንባል። ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ነው። ጎማ ሶል ያለው ጫማ አድርጊ። መጀመሪያ ሳምንት በቂጤ ተቀምጬ ወርጃለሁ፣ ሰው ፊት።

ምግብ ቤት ስትገቢ ሳታዢ ዳቦ፣ ወይራ፣ አንዳንዴ አይብ ያስቀምጡልሻል። እንደኛ አገር "እንግዳ ነሽ ብዪ" አይደለም። ከበላሽው ይከፈላል። ካልፈለግሽ "አልፈልግም" ማለት ነውር የለውም፤ ያነሱታል። ቡና "ኡማ ቢካ" በዪ፤ የቶሞካ ሰው አያሳፍርም። የቧንቧው ውሃ ይጠጣል።

28 ቁጥር ትራም ቆንጆ ናት። ግን ኪስ አውላቂውም ስለሚወዳት ቦርሳሽን ደረትሽ ላይ።

ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ቤሌም የሚባለው ሰፈር ሂጂ። ሰኞ ዋናው ገዳም ዝግ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ስትገቢ ወዲያው የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር አለ። እዚያ ቁሚና አንድ ነገር አስቢ። ልጁ ክሪስቶቫው ነው እ.ኤ.አ. በ1541 አራት መቶ ያህል ነፍጠኛ ይዞ ምጽዋ ገብቶ ከግራኝ ጋር የተዋጋው። በማግሥቱ ዓመት ተማርኮ ተገደለ። አባትየው ሊዝበን በተጠረበ ድንጋይ ውስጥ ተኝቷል፤ ልጁ እኛ አፈር ውስጥ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳየው ብዙ ቆሜያለሁ። አጠገቤ የነበሩት ቱሪስቶች ፎቶ አንስተው በሰላሳ ሰከንድ ሄዱ።

ከዚያ ወጥተሽ በግራ ትንሽ ሄደሽ እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ የሚሠራው ፓስቴል የሚሉት ትንሽ ኬክ ቤት አለ። ከእንቁላልና ወተት ነው፤ ትኩስ፣ ቀረፋ ነስንሰሽበት። ሰልፉ ቢያስፈራሽም ለመውሰጃው ሰልፍ ቶሎ ይሄዳል። እሁድ ቅበላ አይደል? በደንብ ተቀበዪ።

የፍራንክፈርቷ · ሐሙስ

በረራሽ ሰባት ሰዓት ያህል ነው። እራቱን ስትጠብቂ ሦስት ሰዓቱ ያልቃል። ቤት በልተሽ ሂጂ፤ ልክ ሲነሳ ዓይንሽን ሸፍነሽ ተኚ። ስትደርሺ ደግሞ አልጋ የሚባል ነገር እንዳታዪ፣ እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ሁኚ። የአምስት ሰዓት ልዩነት ነው፤ ቀን ከተኛሽ ሦስቱም ሌሊት ሄደ ማለት ነው።

ሰብለ_ሲልቨር · አርብ፣ ከሊዝበን

ደረስኩ። እግሬ አላበጠም! ሦስት ሰዓት ተኛሁ። አስቴር፣ ስድስት ጊዜ ተነስቻለሁ። አጠገቤ የነበረው ልጅ በመጨረሻ "ደህና ነሽ?" አለኝ።

ክፍሌ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይደርስም አሉኝ። ቦርሳዬን ትቼ ወጣሁ። አሁን ደረጃ ላይ ተቀምጫለሁ። ማንም የት ነሽ ብሎ አልደወለልኝም። ትንሽ ግራ ገባኝ፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

ሰብለ_ሲልቨር · እሁድ ማታ፣ ከሊዝበን

ከየት ልጀምር። ዛሬ እነሱም ቅበላ ላይ ናቸው! ካርኒቫል ይሉታል፤ የነሱ ጾም ረቡዕ ነው የሚገባው። መንገዱ ሁሉ የተለያየ ነገር የለበሱ ልጆች ነው። አንዲት ሦስት ዓመት የማይሞላት ንብ ሆና አባቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። አንዱ ክንፏ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ሥራዬ ልጆች ነው፣ ከልጅ ልሸሽ መጥቼ ሃያ ደቂቃ ከኋላቸው ሄድኩ።

ወንድወሰን፣ ቤሌም ትናንት ሄድኩ። መቃብሩ ጋ ቆምኩ። እዚያ የቆመውን ጥበቃ "ልጁ እኛ አገር ነው የሞተው" ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት። አሁን ቆጨኝ። ፓስቴሉን ቆሜ አራት በላሁ። ለራሴ ሁለት ብዬ ነበር የተሰለፍኩት።

ዳቦውንና ወይራውን እያወቅኩ በላሁት። ከፈልኩ። ተርቤ ነበር።

በቂጤ አልወረድኩም፣ ግን አንዴ አንድ አሮጊት ክንዴን ይዘው አተረፉኝ። በፖርቱጋልኛ ተቆጡኝ። ልክ እንደ አክስቴ።

ዛሬ ደግሞ ከካይስ ዶ ሶድሬ ባቡር ይዤ ካሽካይሽ ሄድኩ። አርባ ደቂቃ ነው፣ ባሕሩን ይዞ ነው የሚሄደው። ምንም አልሠራሁም። ተቀምጬ ባሕር አየሁ። ሀና፣ አንቺን አስቤሻለሁ። "ለምን መጣሁ" አላልኩም።

ጋሽ_ሞላ · እሁድ ማታ

ልጄ፣ ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው? ከደለስ እኔ አወጣሻለሁ። ሒሳብ የለም። የበረራ ቁጥሩን ላኪልኝ።

ሰብለ_ሲልቨር · ማክሰኞ

ገባሁ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ልጆቹ ተኝተዋል። እኔም ብተኛ ደስ ይለኝ ነበር። የመልሱ ስምንት ሰዓት ነው፤ ነፋሱ ከፊት ስለሆነ ነው መሰል፣ ያሬድ። ቪጋኑ መጣልኝ። ምስር ነበር! ከሌላው ሰው ቀድሞ ነው የሚሰጠው፣ ይኼን ማንም አልነገረኝም።

ጋሽ ሞላ ሻንጣ ሊያነሱልኝ ወርደው ትንሿን ቦርሳ አይተው "ሌላውስ?" አሉኝ። የለም አልኳቸው። የመኪናውን ኋላ ከፍተው ቆመው ቀሩ። ስድስት ፓስቴል ያለበት ሣጥን ሰጠኋቸው።

ጋሽ_ሞላ · ማክሰኞ

ሣጥኑን ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የከፈትኩት። እንቁላል ነው! ሰኞ ማታ! የሁዳዴ የመጀመሪያው ቀን!

ማቀዝቀዣ አስገብቼዋለሁ። እስከ ፋሲካ ይቆያል?

ወንድወሰን_ማስተርስ · ማክሰኞ

ጋሽ ሞላ፣ እስከ ነገም አይቆይም።

ጋሽ_ሞላ · ማክሰኞ

ልጄ መጥታ አምስቱን በላቻቸው። ጾሙን አልጀመረችም መሰል፣ አልጠየቅኳትም። አንዱ አለ።